«ጌም ነው እንጂ ቁማር አይደለም» ለሚሉ ወንድሞቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ስለ ወለድ፣ ስለ ሒጃብ፣ ስለ መስጊድ ቦታ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ዛሬ ግን በሁላችንም ኪስ ውስጥ ስላለ፣ ነገር ግን ከሚንበር ላይ እምብዛም ስለማይሰማ ነገር መነጋገር ወደድኩ። ወጣቱ በሞባይሉ የሚጫወተው፣ እሱ «ጌም» የሚለው፣ አባቱ ምንነቱን የማያውቀው፣ እናቱም «ልጄ ከቤት አይወጣም፣ አልሐምዱሊላህ ጨዋ ሆነልኝ» ብላ የምትደሰትበት ነገር አለ። ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው? ጨዋታ ነው? ቁማር ነው? ወይስ ጊዜ መግደያ? ሦስቱም በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው ነገሩ የተምታታብን። ለያይተን ካላየናቸው ወይ ሁሉንም ሐራም ብለን ወጣቱን እናጣዋለን፣ ወይ ሁሉንም «ጌም ነው» ብለን ሐራሙን አብረን እንውጠዋለን።

ነገሩን ከመርካቶ ሳይሆን ከዳር አገር ልጀምር። ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው ቆላ፣ በመተማ አካባቢ፣ ሽንፋ የምትባል የሰሊጥ አገር አለች። ክረምት ሲገባ ከደጋው ወጣቱ ለአረም፣ ኋላም በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደዚያ ቆላ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወረደውን «ጽጌረዳ»፣ ከርሞ ቆላውን የለመደውን «ሳሉግ» ይሉታል። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ ካላዛሩን ተቋቁሞ፣ ሜዳ ላይ አድሮ፣ ወገቡን አጉብጦ የሚያገኛት ገንዘብ ናት። ከዚያች ገንዘብ የእናት ነጠላ አለ፣ የታናሽ እህት ደብተር አለ፣ የበሬ መግዣ አለ። ሽንፋን የመረጥኩት እዚያ የአንድ ብር ክብደት በግልጽ ስለሚታይ ነው። በከተማ የጠፋ ገንዘብ በወጪ መሐል ይደበቃል፤ በሽንፋ የጠፋ ገንዘብ ግን ባዶ እጁን ወደ ደጋ በሚመለስ ሰው ፊት ላይ ይነበባል።

በዚያ አካባቢ የሰሊጥ እርሻ ላይ ለዓመታት ካቦ ሆኖ የሠራ አንድ ወንድማችን እንዳጫወተኝ፣ ይህ ገንዘብ ወደ ቤት ሳይደርስ የሚቀርበት መንገድ ድሮም ነበር። ካርታ ነው። ሒሳብ በተዘጋ ዕለት ማታ ካርታ የያዘ ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያ ለጽጌረዳው ያስበሉለታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሸንፋል፤ «እጅህ ቀንቷል» ይሉታል። ሲነጋ የሁለት ወር ላቡ የለም። «ጌታዬ፣ ስንቱን በራሴ ገንዘብ አሳፍሬ ወደ አገሩ ሸኘሁት» አለኝ። ስንቱ ደግሞ አፍሮ እዚያው ቀርቷል፤ ብዙ ሳሉግ ሳሉግ የሆነው ቆላውን ወዶ ሳይሆን ባዶ እጁን ለመመለስ አፍሮ ነው ብሎኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ካርታው ክፉ ነበር፤ ነገር ግን ድንበር ነበረው። ሰው መሰብሰብ ነበረበት፤ ኩራዝ ወይም ባትሪ ነበረበት፤ ከዘመድ፣ ከአገር ልጅ፣ ከካቦው ዓይን መደበቅ ነበረበት። ቁማርተኛው ቁማርተኛ መባልን ይፈራ ነበር። ሞባይሉ ይህን ሁሉ አስቀረለት። ብቻውን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይጫወታል። በ2013 ግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡን ለመክፈል እንኳ ከተኛበት መነሣት አላስፈለገውም። ያ ገንዘብ በእጁ ቢሆን ኖሮ ሲቆጥረው ያሳሳው ነበር፤ ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር ግን አያሳሳም። ከሁሉም የከፋው፣ የሚያፍርበት ስም ጠፋ። አሁን ቁማርተኛ የለም፤ «ቤቲንግ የሚሠራ» ነው ያለው። ልብ በሉ፣ «ይሠራል» ነው የሚባለው!

ይህ ደግሞ የሽንፋ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ፣ ኋላም በስልክ ላይ ሲገቡ፣ ከጁምዓ ሰላት ወጥቶ የእንግሊዝን ጨዋታ ዝርዝር የሚያወጣ ስንት ወንድም አይተናል። በየሱቁ የሚሠራው ልጅ፣ ታክሲ ረዳቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ሁሉም «ኦድ» ያወራል።

ሸሪዓችን ስለ መይሲር የሚለውን ብዙዎቻችን ቁንጽል አድርገን ነው የምናውቀው። የጃሂሊያ ዐረቦች መይሲር እንዴት እንደነበረ የተፍሲር ሊቃውንት በዝርዝር ያወሳሉ። ግመል ያርዱና ሥጋውን ይከፋፍላሉ። አሥር ቀስቶች አሉ፤ ሰባቱ ድርሻ የተጻፈባቸው፣ ሦስቱ ባዶ። በስሙ ባዶ የወጣበት ሰው የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ያሸነፈውስ ሥጋውን ምን ያደርገዋል? ለራሱ አይወስደውም ነበር፤ ለድሆች ነው የሚሰጠው! በዚህም ይኩራሩ ነበር። ከመይሲር የራቀውን ሰው በስስት ይሰድቡት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ትርፉ በሙሉ ለድኻ የሚውል ቁማር ነበር ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 219 በመጠጥና በቁማር ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን ሳይክድ ወንጀላቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነገረን። ኋላም በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 እና 91 ከሸይጧን ሥራ መሆናቸውን፣ ሸይጧን በእነሱ አማካይነት በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን ሊጥል፣ ከዚክርና ከሰላትም ሊያግደን እንደሚፈልግ ገልጾ በጥያቄ ዘጋው፤ ትታቀባላችሁን? ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ሲሰሙ ታቀብን አሉ።

ስለዚህ «ድርጅቶቹ ለኳስ ክለብ ስፖንሰር ያደርጋሉ፣ ለበጎ አድራጎት ይሰጣሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ከመንግሥት ፈቃድ አላቸው» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። የጃሂሊያው ሰው ከዚህ የተሻለ ክርክር ነበረው፤ አልተቀበሉትም። የመንግሥት ፈቃድ አንድ ነገር በሕግ እንዳያስጠይቅ ያደርገዋል እንጂ ሐላል አያደርገውም። የመጠጥ ፋብሪካም ፈቃድ አለው።

«ዕውቀት ነው እንጂ ዕድል አይደለም» የሚሉም አሉ። ኳስ እናውቃለን፣ የተጫዋቹን ጉዳት፣ የአሠልጣኙን ባሕርይ እንከታተላለን ይላሉ። መልካም፤ በሒሳብ እንነጋገር። ወጣቱ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ቲኬት የአንድ ጨዋታ አይደለም፤ ትንሽ ብር ከፍሎ ብዙ ለመብላት አሥር ጨዋታ ይደረድራል። እያንዳንዱ የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉ እኩል ነው እንበል። አሥሩም እንዲሠሩለት ያለው ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ክፍያው ፍትሐዊ ቢሆን ኖሮ በ10 ብር 10,240 ብር ሊያገኝ በተገባ ነበር። ድርጅቱ ግን ለእያንዳንዱ ጨዋታ 2 እጥፍ አይሰጥም፤ 1.80 ይሰጣል እንበል። 1.80 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 357 ነው። ስለዚህ ያ ዕድለኛ የሚያገኘው 3,570 ብር ነው። ሌሎቹ 1,023 ቲኬቶች የከፈሉት ገንዘብስ? የአሸናፊው ድርሻ ወጥቶለት የቀረው ለቤቱ ነው። በአንድ ጨዋታ ላይ አሥር ከመቶ የምትመስለው ቅናሽ በአሥር ጨዋታ ሲደረደር ከተከፈለው ውስጥ ወደ 65 ከመቶ ትበላለች። ያንን 3,570 ብር ያሸነፈው ልጅ ቲኬቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይለቀዋል፤ የ1,023ቱን ቲኬት ግን ማንም አይለቀውም። ወጣቱ የሚያየው አንዱን ነው። ኳስ ማወቅ ዕድሉን በትንሹ ሊያሻሽል ይችላል፤ ዋጋውን የሚተምነው ቤት ግን ከሱ የበለጠ መረጃ ይዞ ነው የሚተምነው።

አቪዬተር የሚባለው ደግሞ ኳስ ማወቅን እንኳ አይጠይቅም። አውሮፕላን ትነሣለች፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሳትጠፋ መውጣት ነው። አምራቹ ድርጅት ራሱ ጨዋታው ከተከፈለው 97 ከመቶ እንደሚመልስ ይናገራል፤ ይህንንም እንደ ቸርነት ያስተዋውቀዋል። 3 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ዙር በጣም አጭር ነው። ባለ 100 ብሩ የተመለሰለትን መልሶ መላልሶ 50 ጊዜ ቢያስይዝ በአማካይ 22 ብር አይሞላም የሚቀረው። ሃምሳ ዙር ደግሞ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

የሚገርመኝ ሌላ ክርክር አለ፤ ይህንን የሚያነሡት ደግሞ ትንሽ ኪታብ የነኩ ወንድሞች ናቸው። አቡበክር (ረ.ዐ) ሮማውያን ያሸንፋሉ ብለው ከቁረይሾች ጋር ተወራርደዋል ይላሉ። አዎን፣ ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነገር ግን እዚያው ዘገባ ላይ ይህ የሆነው ውርርድ ሐራም ከመደረጉ በፊት መሆኑ ተነግሯል። ሐዲሱን ግማሹን አንብቦ መዝጋት ምን ይባላል?

«ታዲያ ንግዱስ ዕድል አይደለምን? የሽንፋው ገበሬ ዝናብ ይመጣል ብሎ ሰሊጥ ሲዘራ መወራረዱ አይደለምን?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ወጣት አለ። ጥሩ ጥያቄ ነውና ችላ ልንለው አይገባም። ገበሬውም ነጋዴውም አደጋ ይጋፈጣሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰሊጡ ከበቀለ በምድር ላይ ያልነበረ ነገር መጣ። አራሚው፣ አጫጁ፣ ባለ መኪናው፣ ዘይት ጨማቂው፣ ሁሉም ከሱ ይበላል። ባይበቅልም ገበሬው ከሰረ እንጂ የእሱን ኪሳራ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ሰው የለም። በመይሲር ግን የተገኘ አዲስ ነገር የለም። የአንዱ ብር ወደ ሌላው ኪስ ዞረ፤ ያም የሚሆነው አንዱ ሲያዝን ብቻ ነው። መተማ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። በዚያ ድንበር ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለሐጅ የተነሡ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ሰፍረው አርሰዋል፣ ነግደዋል። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚያ መንገድ ዕቃቸውን ጭነው ተመላልሰዋል። ሽፍታ ነበር፣ ወባ ነበር፣ ግመል መሞት ነበር። ያ ሁሉ አደጋ ነው፤ ቁማር ግን አይደለም።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጓደኛው «ና እንቋመር» ያለ ሰው ሰደቃ ይስጥ ብለው አዘዋል። ገና አልቆመረም እኮ! ግብዣው ብቻ ማካካሻ አስፈለገው። ዛሬ ታዲያ በየቴሌግራም ግሩፑ፣ አንዳንዱም በዲናዊ ስም በተከፈተ ግሩፕ ውስጥ፣ «በዚህ ሊንክ ግቡ፣ እናንተም ቦነስ ታገኛላችሁ እኔም አገኛለሁ» የሚለው ጥሪ ከዚህ በምን ይለያል? ይህን የሚልከው ልጅ ጓደኞቹን የጠቀመ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። በ2016 አገሩን ያጥለቀለቀው፣ ሃምስተር የሚባለውና በቴሌግራም የሚነካካው ጨዋታ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ብዙው ሰው ገንዘብ አላስያዘም፤ ጣቱን ነው ያስያዘው። መስከረም 16 ቀን 2017 ሳንቲሙ ለገበያ ሲወጣ የብዙዎች ድርሻ የወራት ልፋትን የማይመጥን ሆኖ ተገኘ። ያንን ቁማር ብሎ መፈረጅ ድፍረት ይመስለኛል። ግን ስንት ሰዓት ነበር? ስንቱ ሰው በሰላት መካከል ስልኩ እንዳይቆምበት ሲያስብ ነበር? ቡኻሪ በዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነግረውናል። ኪሳራ ነው ያሉት፤ የነጋዴ ቃል ነው። የቲክቶኩ «ባትል»ም ከዚሁ ጎራ ነው፤ ሙስሊም እህትና ወንድም እኩለ ሌሊት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ታፕ ታፕ አድርጉልኝ፣ አንበሳ ላኩልኝ» ሲሉ ከማየት የሚያሳዝን ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የሐያእ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሌላው ጨዋታስ? ተኩሱ፣ ኳሱ፣ መኪናው? እስልምና የጨዋታ ጠላት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው የእኛኑ የሐበሾችን ታሪክ ዘንግቷል። በዒድ ቀን ሐበሾች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እመት ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አድርገው እስክትጠግብ ድረስ እንድታይ ፈቀዱላት። ዑመር (ረ.ዐ) ሐበሾቹን ጠጠር ሊወረውሩባቸው ሲሉም እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የሰፈረ ነው። በመስጊድ ውስጥ፣ ልብ በሉ! ሌላ ጊዜ የአስለም ጎሣ ወጣቶች ቀስት ውርወራ ሲወዳደሩ አገኟቸውና ከአንደኛው ወገን ጋር መሆናቸውን ተናገሩ። ተቃራኒው ወገን እጁን ሰበሰበ፤ እሳቸው ከዚያ ጋር ሆነው እንዴት እንወረውራለን አሉ። ያኔ ከሁላችሁም ጋር ነኝ ብለው አጫወቷቸው። የጨዋታ ጣዕም ገብቷቸው የተናገሩት ንግግር ነው።

ስለ ቀስት ካነሣን አይቀር፣ ሽንፋ በዚህ ጉዳይ ዓለም ያወቃት ቦታ ናት። በ2016 መጋቢት ወር «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተገኙ ትንንሽ የድንጋይ ጫፎች ለቀስት ያገለገሉ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጽፏል። ዕድሜያቸውንም 74,000 ዓመት ገደማ አድርጎታል። የዚያ አገር ሰው በጋ ሲገባ ከወንዙ የቀሩትን ኩሬዎች እየተከተለ ዓሣ ያጠምድ እንደነበረም ይተርካል። አያቶቹ ቀስት የወረወሩባት ምድር ልጅ ዛሬ ጣቱን ብቻ ማንቀሳቀሱ ያስቆጫል።

ወንድሞች ሆይ፣ መስፈርቱ እንግዲህ ግልጽ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ የውድድር ሽልማት የተፈቀደው በግመል፣ በፈረስና በቀስት እንደሆነ ተነግሯል፤ ዑለሞችም በዚህ ላይ ተመሥርተው በሽልማትና በቁማር መካከል መስመር አስምረዋል። የእኛ ልጆች ሳያውቁት የሚጥሱት መስመር እዚህ ላይ ነው። በየሰፈሩ ባለው የፕሌይስቴሽን ቤትና የፑል ቤት «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ደንብ አለ። ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፣ የሚሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ማንም ቁማር አይለውም። ነገር ግን በትክክል መይሲር ያ ነው! ሁለቱም ለማጣት ወይም ለማትረፍ ገቡ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቢከፍሉ ያው ጨዋታ ንጹሕ ይሆናል። እንዲሁም አሥር ልጆች 50፣ 50 ብር አዋጥተው አንደኛ የወጣው ይውሰደው ቢሉ መይሲር ነው፤ ያላወዳደረው የሰፈሩ ነጋዴ ከኪሱ ዋንጫና ኳስ ቢሸልም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ቀላል ልዩነት የሚያስተምር አንድ ኹጥባ ስንት ልጅ ባዳነ።

በስልክ ጌሞቹ ውስጥም ሣጥን እየገዙ ምን እንደሚወጣላቸው ሳያውቁ የሚከፍቱበት አሠራር አለ። ይህ ቁማር መሆኑን ያወቀው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙትን እነዚህን ሣጥኖች በቁማር ሕጓ ሥር አስገብታ ከልክላለች። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኢንተርኔት ጌም የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅትም በጌም መጠመድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እነዚህ ሸሪዓን ብለው አይደለም ያደረጉት።

«እንግዲያው ኢንተርኔቱ ይዘጋ» የሚሉ አባቶች አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ተሞክሮ ታይቷል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለረጅም ወራት ተዘግቶ ቆየ። የተዘጋው ለዲን ተብሎ አልነበረም፤ ሕዝቡም ብዙ ተጎድቶበታል። በዚያ ጊዜ ወጣቱ ወደ መድረሳ ተመለሰን? ያ የሽንፋ ካቦ የነገረኝ ሌላ ነው። ስልኩ ዝም ሲል ካርታው ተመለሰ። ቁማሩ ከስልኩ ውስጥ ነበር ብለን ስናስብ ከልጁ ልብ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ልቡ ውስጥ ያስገባው ደግሞ ሥራ ማጣት፣ በአንድ ሌሊት ከድህነት የመውጣት ምኞትና ብቸኝነት ነው። እነዚህን ኬብል በመቁረጥ አናስወግዳቸውም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ከወለድ ለመሸሽ ለዓመታት ታግሏል። ገንዘቡን ባንክ ከማስገባት ቤቱ ያስቀመጠ ስንት ነጋዴ ነበር። በዚህም ጽናት በ2013 ሰኔ ዘምዘም ባንክ ተከፈተ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለ፤ አልሐምዱሊላህ። ለሪባ ይህን ያህል የተቆረቆረ ኡማ፣ ቁርኣን ከጣዖት ጋር በአንድ አንቀጽ የጠራውን ቁማር በየልጁ ኪስ ውስጥ ሲያይ እንዴት ዝም አለ? ምክንያቱ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። ሪባን ባለ ገንዘቡ ይፈራዋል፤ ባለ ገንዘብ ደግሞ ድምፅ አለው። ቁማር የሚበላው ግን ረዳቱን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ሳሉጉን ነው። እሱ ኮሚቴ የለውም።

በመስጊዶቻችንም ቢሆን ልጅ ኳስ ይዞ ግቢ ከገባ የሚጮህበት አይጠፋም። መስጊዱ ሊከበር ይገባል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን ዑመርን (ረ.ዐ) ጠጠር ያስጣሉት ነብይ ኡማ ነን። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ልጁ ከጓደኛው ጋር የሚላፋበት፣ የሚሮጥበት፣ ጎል የሚያገባበት አንድ ሜዳ ከሌለው የት እንዲሄድ ነው የምንጠብቀው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ የእኛ የሰፈር ሽማግሌ ግን ሲሮጥ ያየውን ልጅ ዱርዬ ይለዋል።

በዚህ ውስጥ ለገባው ወንድም ደግሞ ሌላ ንግግር ያስፈልገዋል። ዕዳ ውስጥ ያለ፣ የአሠሪውን ገንዘብ የነካ፣ ሚስቱ ያላወቀችበት ስንት ሰው በየሶፉ ውስጥ ቆሞ ይሰግዳል። ኢማሙን እንዳይጠይቅ «ቁማርተኛ» መባልን ይፈራል። ይህን ሰው ማባረር ለአቋማሪዎቹ አሳልፎ መስጠት ነው። የተውባው መንገድ የታወቀ ነው፤ ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። በቁማር ያገኘው ገንዘብ ካለ፣ ባለቤቱ ከታወቀ ይመልሳል፤ ካልታወቀ ምንዳ ሳያስብበት ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ያውለዋል። የተበላበትን ለማስመለስ «አንድ የመጨረሻ ቲኬት» ማለት ግን የተውባ አካል አይደለም፤ ብዙዎች የወደቁት እዚያች ላይ ነው። ስልኩን ለሚያምነው ሰው ያሳይ፤ የቴሌብሩን የሚስጥር ቁጥር ሚስቱ ወይም ወንድሙ ለጊዜው ይያዝለት። ይህ ማፈሪያ አይደለም፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ለአስታማሚው እንደሚሰጠው ነው።

የሽንፋው ወንድማችን ያጫወተኝን አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ባለፉት የአጨዳ ወቅቶች ከሥሩ የሚሠሩትን ልጆች ሒሳብ በተዘጋባት ሰዓት አሰልፎ፣ ገንዘቡ እጃቸው ሳይገባ «ለማን ነው የምትልከው?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። ግማሹን እዚያው፣ በዚያው በሚፈራው ስልክ፣ ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት፣ ለእናት ወይም ለአባት ያስልካቸዋል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ያስረክባቸዋል። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም እኩል ነው የሚያሰልፈው። መጀመሪያ ላይ ተቆጡት፤ «አባታችን ነህ እንዴ?» ያሉት ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ግን ራሳቸው ተሰልፈው የእናታቸውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይዘው ይጠብቁት እንደነበር ነገረኝ። በአዲስ አበባ ሠራተኛ ያለው ነጋዴ ወንድማችን ይህን ከወሩ ደመወዝ ቀን ጀምሮ ሊሞክረው ይችላል፤ መጅሊስም ሆነ ኮሚቴ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ወሏሁ አዕለም።